ምዕራፍ 6፦ ድምፁ የት ተበላሸ?

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በዋናነት የመዘገበው በዓይን የሚታየውን ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸውን ግንብ፣ 82ቱን መስጊዶች፣ ከመቶ የሚበልጡትን የአውሊያ መካናት፣ ጠባቦቹን መንገዶችና በውስጣቸው የተደበቁትን የአደሬ ቤቶች። እ.ኤ.አ. በ2023 የሹዋል ኢድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ደግሞ የጆሮ ተራ ደረሰ። ዝክር የተባለው መንፈሳዊ ዜማ፣ የከረቡ ከበሮ ምት፣ ከእንጨት የሚሠሩት ከበሎች ሲጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ፣ እልልታው ሁሉ ቅርስ ተባለ። ግንቡ ካርታና ልኬት አለው። ላለፉት አሥርት ዓመታት ድምፅ ግን ከዋነኞቹ ምስክሮች አንዱ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ካሴት ነው።

የሐረሪ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በአንድ የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ከሙሽራዋ ጀርባ የምትሰማ የአንዲት እናት ዜማ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌላት ልትሆን ትችላለች። ይህን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሐረሪ ዘፈን ካሴቶችን ከየሰዉ እየጠየቁ መሰብሰብ ያዙ። ከካሴቱ ወደ እጅ ጽሑፉ፣ ወደ ሳንቲሙ፣ ወደ ጌጣጌጡና ወደ ልብሱ ተሻገሩ። በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት የግል ሙዚየም ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የዚህ ሁሉ መነሻ የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ማስታወስ ለዚህ ምዕራፍ ይጠቅመናል።

ምዕራፉ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁ ከሻከረ፣ ከታፈነ ወይም ከተቆራረጠ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ወዲያው የሚሮጠው ወደ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። ከዚያ በፊት ግን ድምፁ የት እንደተበላሸ መለየት ይገባል። ሊበላሽ የሚችልባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፤ በተቀረጸበት ዕለት ካሜራው ላይ፣ በቆየባቸው ዓመታት ክሩ ላይ፣ ዛሬ ሲጫወት ማጫወቻው (ዴኩ) ላይ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ። በዴኩና በኮምፒውተሩ የመጣ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ መሣሪያውን አስተካክሎ ካሴቱን እንደገና መገልበጥ ብቻ ይበቃዋል። በካሜራውና በክሩ የመጣውን ግን ብዙውን ጊዜ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም። ሁለቱን ሳይለዩ ሶፍትዌር መክፈት የሚድነውን ድምፅ እንደማይድን ቆጥሮ መተው ነው።

ድምፅ በክሩ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ

ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ቪኤችኤስ ካሴት፣ ክሩ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው ምስሉ ነው፤ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተተከሉ ሄዶች (መጻፊያና ማንበቢያ ራሶች) በሰያፍ ይጻፋል። ለድምፁ የተተወለት በላይኛው ጠርዝ በኩል ያለ የ1 ሚሊ ሜትር መስመር ብቻ ነው። ይህን መስመር የሚያነበው የማይንቀሳቀስ ሌላ ሄድ ነው።

ፍጥነቱም ጉዳይ አለው። በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት የቪኤችኤስ ክር በሴኮንድ 23.39 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ተራው የዘፈን ካሴት 47.6 ሚሊ ሜትር ይጓዝ ነበር። ክሩ ሲዘገይ ቀጫጭኖቹ ድምፆች በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ይጨናነቃሉና ሳይነበቡ ይቀራሉ። ካሴት ለመቆጠብ ሲባል በኤልፒ ፍጥነት የተቀዳ ከሆነ ፍጥነቱ እንደገና በግማሽ ይወርዳል። የሦስት ሰዓቱ ካሴት ስድስት ሰዓት ይይዛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ድምፁ ነው። ድምፁ ጠርዝ ላይ በመሆኑም ክሩ ሲታጠፍ ወይም ጫፉ ሲጨማደድ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ የሚዋዥቅ ካሴት ሲያጋጥም ጠርዙን ማየት ይገባል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃይፋይ የተባለ ሁለተኛ መንገድ ተጨመረ። በዚህ ዘዴ ድምፁም እንደ ምስሉ በሚሽከረከረው ከበሮ ይጻፋል። መጀመሪያ ድምፁ ወደ ክሩ ሽፋን ጠልቆ ይገባል፤ ምስሉ ከላዩ ይደረብበታል። ጥራቱ ከጠርዙ ድምፅ እጅግ ይበልጣል። ሃይፋይ ያለው ካሴት ግን ጠርዙም ላይ ያው ድምፅ አለው። በአንድ ክር ላይ ሁለት የድምፅ ቅጂዎች ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ብዙ የሃይፋይ ዴኮች ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጥ ማብሪያ አላቸው። ንብ የምታሰማውን የሚመስል የማያቋርጥ ጥዝታ፣ ወይም በየመሐሉ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ካለ ችግሩ የሃይፋዩ ነው። ከበሮው በፓል በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ሁለቱ ሄዶች በሴኮንድ 50 ጊዜ ይፈራረቃሉ፤ መስመሩን በትክክል ካልተከተሉ መፈራረቃቸው ራሱ ይሰማል። ትራኪንጉን (ሄዶቹ መስመሩን የሚከተሉበትን ማስተካከያ) በእጅ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ካላጠፋው ወደ ጠርዙ ድምፅ መዞር ነው። በተቃራኒው ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ያህል ከታፈነ የሚሰማው የጠርዙ መስመር ነው፤ ሃይፋይ ካለ እሱን መሞከር ነው። ዴኩ ራሱ በሁለቱ መካከል እየዘለለ ድምፁን ሲቆራርጥም መድኃኒቱ አንዱን መርጦ ማጽናት ነው።

ከጂዳ፣ ከቶሮንቶ፣ ከሐረር የመጡ ካሴቶች

የሐረሪ ቤተሰብ ካሴቶች ሁሉ በአንድ ሥርዓት የተቀዱ አይደሉም። ብዙ ሐረሪዎች በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በካናዳና በአሜሪካ ኖረዋል፤ የሠርግና የመውሊድ ቪዲዮዎችም በሁለቱም አቅጣጫ ተልከዋል። የሰሜን አሜሪካው ካሴት በኤንቲኤስሲ ነው፤ ክሩ በሴኮንድ 33.35 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ይህን በማያውቅ ዴክ ቢጫወት ምስሉ ይበጣጠሳል፤ ፍጥነቱ ስለማይገጥም ድምፁም ወፍሮ ይጎተታል። ካሴቱ የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም። የሚያስፈልገው ብዙ ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ነው። በሴካም የተቀዳ ካሴት ደግሞ ፍጥነቱ ከፓል ጋር አንድ ስለሆነ ቀለሙ ቢጠፋም ድምፁ በትክክል ይሰማል። በጥቁርና ነጭ የታየ ካሴት ሞቷል ተብሎ መጣል የለበትም።

ዴኩን ማከም

ዴኩ ለዓመታት ሳይሠራ ከቆየ ከማናቸውም ካሴት በፊት መጽዳት አለበት። የድምፁ ሄድ ላይ ከክር የረገፈ ቡናማ ብናኝ ሲከማች በሄዱና በክሩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋሉ። አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ንጹሕ ጥጥ የማይንቀሳቀሰውን ሄድ፣ የክሩን መንገድና ክሩን የሚጎትተውን ምሰሶ ያጸዳል። የጎማው መዳመጫ ከደረቀ ወይም ካብረቀረቀ ክሩን እኩል አይጎትትም፤ የዘፋኙ ድምፅ የሚንቀጠቀጠውም ያን ጊዜ ነው። የምስሉ ሄዶች ግን በጥጥ አይነኩም። ጥጡ ይያዝባቸዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግም ይሰብራቸዋል። የማይበጣጠስ ቆዳ መሰል ጨርቅ ከበሮው ላይ አስደግፎ ከበሮውን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

ከጽዳት በኋላም ድምፁ ከታፈነ የሄዱ ዘንበልታ ይመረመራል። ካሴቱን የቀዳው መሣሪያ ሄዱ በትንሹ አጋድሎ ከነበረ፣ ቀጥ ያለ ሄድ ያንን ቅጂ አሳምሮ ሊያነበው አይችልም። በድምፁ ሄድ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ድምፁ እስኪጠራ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር አስደናቂ ለውጥ ያመጣል፤ ምንም ሶፍትዌር የማይመልሰው ጥራት በዚህ ይመለሳል። የብሎኗን መነሻ ምልክት አድርጎ መያዝና ለሚቀጥለው ካሴት መመለስ ግዴታ ነው። ሥራው ዴክ ለሚያውቅ ቴክኒሺያን ቢሰጥ ይመረጣል፤ በትክክል የሚሠራ ዴክ ማግኘት እየከበደ ነውና። የመጨረሻው ታዋቂ አምራች ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል።

ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት አይጫወትም፤ ሻጋታው ወደ ዴኩ ገብቶ ሌሎቹን ይበክላል። ለብቻው ተለይቶ፣ ደረቅ ቦታ ቆይቶ በጥንቃቄ እስኪጸዳ ይጠብቃል።

በገመዱና በኮምፒውተሩ መካከል

አሁን ድምፁ ብዙ ጊዜ ወደሚበላሽበት ቦታ ደረስን። ላፕቶፕ ላይ ያለችው ነጠላ ቀዳዳ ለማይክሮፎን የተሠራች ናት፤ የምትጠብቀው የቮልት ጥቂት ሺኛዎችን ነው። ከዴኩ የሚወጣው ግን ወደ 0.3 ቮልት ይጠጋል፤ ወደ መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ሲገፋ የድምፁ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ የሚሰማውም ሻካራና የሚንኮሻኮሽ ነው። የዴኩ ድምፅ የሚገባው የመስመር መግቢያ ባለው የድምፅ መቀበያ ወይም በትንሽ ሚክሰር በኩል ነው።

በርካሽ የዩኤስቢ መገልበጫዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መቀነሻ በብዙዎቹ የሚሠራው ድምፁ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ነው። ጫፉ አስቀድሞ ስለተቆረጠ መቀነሱ የተቆረጠውን ድምፅ ዝግ ያደርገዋል እንጂ አይመልሰውም። መቀነስ ያለበት ከመገልበጫው በፊት፣ በገመዱ መንገድ ላይ ነው።

የትኛው ቦታ እንዳጠፋ የሚለይ ቀላል ምርመራ አለ። የተገለበጠውን ድምፅ ኦዳሲቲን በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ከፍቶ የሞገዱን ሥዕል ማየት ነው። ጫፎቹ በመጨረሻው ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ከተቆረጡ ጥርጣሬው በመገልበጫው ላይ ይወድቃል። ከመገልበጫው በፊት ድምፁን ቀንሶ ያንኑ ቦታ እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል። ጫፎቹ ወደ ክብ ከተመለሱ ተገኘ፤ ሙሉው ካሴት እንደገና ይገለበጣል። ከጣሪያው ዝቅ ብለውም ጠፍጣፋ ሆነው ከቀሩ ጥፋቱ ከዚያ በፊት፣ በዴኩ ወይም በካሜራው የተፈጸመ ነው። ዴክ ቀይሮ መሞከር ቀሪውን ይለያል።

መጠኑ ሲወሰን ለጋስ መሆን ጥሩ ነው። ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው፤ በተለይ ለሐረር ሠርግ። በጸጥታው መሐል ድንገት የሚነሣ እልልታና የከረቡ ምት መለኪያውን በአንድ አፍታ ወደ ቀይ ይወረውረዋልና። በ24 ቢትና በሴኮንድ 48,000 ናሙና መቅዳት ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ያለ ጉዳት ለማሳደግ ያስችላል። አንድ ሰዓት የስቴሪዮ ድምፅ በዚህ ጥራት 1 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይፈልጋል፤ ዛሬ አንድ ፍላሽ ብዙ ሠርግ ይይዛል።

ከድምፁ በታች የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከተሰማ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 50 ኸርዝ የመብራት ኃይላችን ነው። ዴኩና ኮምፒውተሩ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ይከሰታል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ መሰካት፣ ወይም ላፕቶፑን ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ስለሚቆምም ዴኩን ኃይል በሚያጠራቅም መሣሪያ በኩል ማሠራት ይመከራል።

ድምፁ በተለየ መቀበያ፣ ምስሉ በሌላ ሲቀዳ ሁለቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። የሁለቱ ሰዓት በሚሊዮን 50 ያህል ብቻ ቢለያይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.18 ሴኮንድ ይሆናል፤ እጅ ከረቡውን ከመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ እንደሚመጣ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያና በመጨረሻ ላይ አንድ አንድ ጥርት ያለ ምት መርጦ ሁለቱን ማጋጠም፣ መካከሉንም በዚያው ልክ መሳብ ወይም ማሳጠር ያስተካክለዋል።

በተቀረጸበት ዕለት የተበላሸው

ዴኩ ታክሞ፣ መጠኑ ተስተካክሎ የቀረው ሻካራነት የካሜራው ነው። የቤት ካሜራዎች የድምፅ መጠንን ራሳቸው ይወስናሉ። ከረቡው ሲመታ ይደነግጡና ሁሉንም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ምቱ ሲያልፍ ቀስ ብለው ከፍ ያደርጋሉ። በመካከሉ የዘፋኟ ቃል ይዋጣል። ካሜራው የድምፅ ማጉያው አጠገብ ከነበረ ደግሞ ድምፁ ገና ክሩ ላይ ሳይደርስ ተቆርጧል። ሶፍትዌር ተራውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የተቆረጠ ጫፍ የሚጠግኑ መሣሪያዎች ከግራና ከቀኝ ያለውን ሞገድ አይተው የጎደለውን ይገምታሉ። አጭር ቁራጭ ከሆነ ግምታቸው ጥሩ ነው፤ ረጅም ከሆነ ግን የሚሰማው የማሽኑ ፈጠራ ይሆናል።

የሐረር ዜማ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም በዚህ ቦታ ነው። የሐረርን ዝክር ያጠናው የዜማ ተመራማሪ ሲሞኔ ታርሲታኒ እንዳሳየው፣ ከረቡና ከበል የዜማው መሠረት ናቸው። ከበል ሁለት እንጨት ሲጋጭ የሚወጣ አጭርና ሹል ድምፅ ነው። ጧ ጧ የሚለውን ድምፅ የሚያጠፋ ሶፍትዌር ደግሞ እንዲያስወግድ የተሠራው አጭርና ሹል ድምፅን ነው። ካልተቆጣጠሩት ከበሉን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ያወጣዋል። ጉምጉምታን በማጥፋት ስም ዝቅተኛውን ድምፅ ሁሉ መቁረጥም የከረቡውን ሆድ ይወስዳል። እሽሽታ የሚያጠፋው መሣሪያ ሲበዛ ደግሞ እልልታው ከውኃ ሥር የመጣ ይመስላል። እነዚህ ሶፍትዌሮች በተሠሩበት አገር ከበል አይታወቅም፤ ከበልን የሚያውቅ ጆሮ አጠገባቸው መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ ሦስት ደንቦች ይጠበቁ። አንደኛ፣ ከዴኩ የወጣው ጥሬ ቅጂ ሳይነካ ለዘለዓለም ይቀመጣል፤ ጥገናው ሁሉ የሚሠራው በሌላ ቅጂ ላይ ነው። የነገው መሣሪያ ከዛሬው ይሻላል፤ የሚሠራው ግን ጥሬው ካለ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንዳወጣ ይደመጣል፤ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የተወገደውን ድምፅ ብቻውን ያሰማሉ። በተወገደው ውስጥ የሰው ድምፅ ወይም ምት ከተሰማ አብዝተናል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የማሽን ድምፅና የአገር ድምፅ ይለያሉ። የገመድ ጉምጉምታ የማሽን ነው፤ ይውጣ። ከመስጊዱ የሚሰማው አዛን፣ መኪና ግርግር ከተባለው መንገድ የሚመጣው የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ፣ ከውጭ የሚጣሩ ልጆች ግን የሐረር ናቸው። ዘፈኑን ቢሸፍኑ እንኳ ይቆዩ፤ ያ ቀን በከተማይቱ ውስጥ የዋለ መሆኑን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

ከየትኛው ካሴት እንጀምር?

የዓለም የድምፅና የምስል ማኅደሮች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ ባሰማው ማስጠንቀቂያ የክር ካሴቶችን ለመገልበጥ የቀረው ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 አካባቢ ድረስ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ምክንያቱም ክሩ ከመሞቱ በፊት ዴኩና ዴክ የሚጠግነው ሰው ስለሚያልቁ ነው። ቀኑ ደርሷል፤ ሥራው ግን አልተዘጋም። የሚሠራ ዴክ ያለው ቤት ሁሉ ገና ዕድል አለው። ቅድሚያ የሚሰጣቸውም ቅጂ የሌላቸው፣ ጠርዛቸው መጨማደድ የጀመረና በኤልፒ የተቀዱ ካሴቶች ናቸው።

ከእነዚህም መካከል የሚቀድም አንድ ዓይነት ካሴት አለ፤ በውስጡ ያሉትን ድምፆች በስም የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት ያለለት። ዝክር በዓረብኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ይዜማል፤ የትኛው ስንኝ የየትኛው እንደሆነ፣ መሪው ማን እንደነበር፣ ከረቡውን የመታው የማን ልጅ እንደሆነ ሶፍትዌር አይነግረንም። ገልብጦ የጨረሰ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ወደ አያቱ ወይም ወደ ጎረቤቱ ይሂድ፤ ያሰማ፣ የሚነገረውን በደቂቃና በሴኮንድ ለይቶ ይጻፍ፣ ጽሑፉንም ከፋይሉ ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ፤ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ቤት ይኑር። የጠራ ድምፅ ያለ ስም ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። ዴኩን ለማከም ጥቂት ቀናት ይበቃሉ፤ ያንን ስም የሚያውቀው ሰው ግን ቀጠሮ አይሰጥምና በእሱ ካሴት እንጀምር።